የባለክንፉ አንገት

«አንገቱ እንዳይታይ አደራ» አለች ባለሱቋ። «ሻርፑን ጥብቅ አድርጊለት። ጥቁረቱ ከታየ ልጆቹ ይነቁብናል።» ይህን የተናገረችው ለገንዘብ ተቀባይዋ ነው። በሹክሹክታ አልነበረም፤ የቀኑን ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው በተራ ድምፅ ነው። አሰልጣኙ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ እግሩን ሰማያዊው ሱሪ ውስጥ ከትቶ ሌላውን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ሰማት። ባለሱቋ የእናቱ ልጅ ናት፤ ታላቅ እህቱ።

እግሩን ቀስ ብሎ አስገባና ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ መስኮት የለውም። እስከ ጣሪያው የተደረደሩት ካርቶኖች አዲስ ፕላስቲክ ይሸታሉ፤ ሽታው ከልብስ አልፎ ቤት ድረስ ይከተላል። የአሻንጉሊት ሱቁን ጀግና፣ ባለክንፉን፣ የሚያደርጉት ዕቃዎች ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፦ በሽቦ የተወጠሩ ሁለት የብር ቀለም ክንፎች፣ ነጭ ጓንት፣ ከነፀጉሩ የተሠራ የጎማ ጭምብል። ጭምብሉ ዓይንና አፍንጫውን በሰማያዊ ቀለም ይሸፍንና ከከንፈር በታች ሮዝ አገጭ ያወጣል። በአገጩና በልብሱ ኮሌታ መካከል አራት ጣት የምትሆን ክፍተት አለች። ለእሷ ነው ሻርፑ የተሰፋው። እህቱ ጭምብሉን በፌስታል ይዛ ጨርቅ ቤት ለጨርቅ ቤት ዞራ፣ ከአገጩ ጋር እያስተያየች፣ አንድ ዓይነት ሮዝ አግኝታ ነው ያሰፋችው። ይህንን ሁሉ ጊዜ ሲለብሰው ሻርፑ ለጌጥ የተሰፋ ነበር የሚመስለው። ባለክንፉ ጉንፋን የሚፈራ ጀግና ነው ብሎ ከሚስቱ ጋር ስቆበታል።

እዚህ የገባው ሲያሠለጥንበት የነበረው ስፖርት ቤት ተዘግቶ የሶፋ መሸጫ ከሆነ በኋላ ነው። እህቱ ራሷ ደወለችለት። «ቁመናህ ለዚህ ይሆናል፤ ቤት ከምትቀመጥ ና» አለችው፤ ሥጋ ናትና አላስለመነችውም። ቤተሰቡ ውስጥ ስሙ ጥቁሬ ነው። እሷ ቀይ ናት፣ እሱ ጥቁር፤ ከአንድ ማህፀን ወጥተው እንዲህ መለያየታቸው ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር የሚነሳ ቀልድ ነበር። አክስቶቹ አገጩን ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሩትና «ጥቁር ቢሆንም ደም ግባት አለው» ይላሉ። ልጅ ሆኖ ያቺ «ቢሆንም» ትከነክነው ነበር። እህቱን «ቀይ ብትሆንም» ያላት አንድም ሰው አላጋጠመውም። ካደገ በኋላ ግን ተወው፤ ስድብ አይደለም፣ የቤት ስም ነው፣ ፍቅርም አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ነገሩ የተናነቀው። ልጁ የተወለደች ሰሞን እህቱ ሊጠይቁ ከመጡት ጋር ገባች፣ ሕፃኗን ታቀፈች፣ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ አየችና «አይዟችሁ፣ ስታድግ ትቀላለች» አለች። ሚስቱ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሚጡ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ አልቀላችም፣ ስለዚያ ቀንም እስካሁን አንስተው አያውቁም።

ገንዘብ ተቀባይዋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንታት ናቸው፤ የባለሱቋ ወንድም መሆኑን ታውቃለች፣ ስለዚህ ሻርፑን ስታስርለት ዓይኑን አላየችም። «ጠበቀብህ እንዴ ጋሼ?» አለችው። «ደህና ነው» አላት። እሷም ከእሱ ብዙ አትቀላም። ጣቶቿ አንገቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ የሁለቱ ቆዳ የት ላይ እንደሚለያይ ለማወቅ ያስቸግር ነበር።

ቅዳሜ ነው፤ አዲስ ዕቃ የገባበት ቅዳሜ። ሱቁ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን የሚወጡት ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ይደርሳሉ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች የባለክንፉ ነው። የሳጥኑ ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ የጀግናውን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ የለም፤ ባለክንፉ ያሉት ልጆቹ ናቸው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት አሻንጉሊት አለ። አንደኛው ሮዝ አገጩን ወደ ላይ የሰቀለው ባለክንፉ ነው። ሁለተኛው ልብሱም ፊቱም ጥቁር፣ ጥርሱ ነጭ፣ እጁ ላይ ከረጢት ያለው። እሱንም ልጆቹ ስም አውጥተውለታል፤ ሌባው ነው። ከባለክንፉ በትንሹ ያጥራል፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት በግንባሩ ይደፋል። ረፋዱ ላይ አንድ አባት ልጁን በእጁ ይዞ ሳጥኑን አገላበጠና «ጥቁሩ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። «ሌባው ነው» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ ከማሽኗ ቀና ሳትል። አባትየው ጠይም ነው፣ ልጅየው ጠይም ነው። ማንም ማንንም አላየም። ሰውየው «ሌባውን አውጥታችሁ ዋጋ ቀንሱልኝ» ሲል ባለሱቋ ከት ብላ ሳቀች። «ሌባው ከሌለ ማንን ይመታል ታዲያ?» አለችው። እሱም ሳቀና ከፈለ። የከፈለ ሰው ልጁን ከባለክንፉ ጋር ፎቶ ያስነሳል፤ ደንቡ ይኸው ነው።

አሰልጣኙ ይህንን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ በጭምብሉ ሁለት ቀዳዳዎች ያያል። መናገር ክልክል ነው፤ ባለክንፉ የእነሱን ቋንቋ መቻሉ አይታወቅም። እጁን ይዘረጋል፣ ልጅ ያቅፋል፣ ወደ ስልኩ ያያል፣ ልጁን ይለቃል። ጎማው ውስጥ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል፤ ላቡ ከቅንድቡ ወርዶ አገጩ ሥር ይጠራቀምና ሻርፑን ያርሰዋል። ሌላ ቀን ድካሙን የሚያስረሳው የልጆቹ ደስታ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ልጅ አንገቱን ጥምጥም ብሎ ባቀፈው ቁጥር፣ ሻርፑ ተንሸራቶ ይሆን እያለ እጁን ወደ ጉሮሮው ሲሰድ ራሱን ያገኘዋል። ያ ነው ያናደደው። እህቱ የተናገረችውን እሱ እየጠበቀላት ነው።

ከምሳ በኋላ ሚስቱና ሚጡ ደረጃውን ወጥተው መጡ። አልተነጋገሩበትም ነበር። ሚስቱ የምትሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ናት። ልጅቷ የአባቷን ሥራ አታውቅም፤ «አክስትሽ ሱቅ ያግዛል» ነው የተባለችው፤ እውነቱ ቢነገራት የባለክንፉ ነገር ይበላሽባታል ብለው ነው። የግቢያቸው ልጆች በሙሉ ከባለክንፉ ጋር የተነሱት ፎቶ አላቸው። ሚጡ ብቻ ውሰዱኝ ብላ ጠይቃ አታውቅም። እናቷ ይህን ከመተሳሰብ ቆጥራው፣ ቤት እንደተቸገረ ገብቷት ነው ብላ አንጀቷ ሲበላት ከርሟል። ስለዚህ ዛሬ ልታስደስታት አመጣቻት። ባሏን ከሩቅ ስታየው ሳቋን በመሀረብ ያዘች።

ሚጡ ተራ ስትጠብቅ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ነበረች። ከፊቷ ያሉት ልጆች ሲያልቁ ገንዘብ ተቀባይዋ ስልኩን አነሳችና «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ጠጋ በይው» አለች። ሚጡ አልተንቀሳቀሰችም። እጆቿን የሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከትታ ጫፉን በጣቶቿ ይዛዋለች። አሰልጣኙ እጁን ዘረጋ። አሁንም አልመጣችም። በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከላት። እናቷ ጀርባዋን ለስለስ አድርጋ ስትገፋት አንድ እርምጃ መጣችና የሆነ ነገር አለች። ጎማው ጆሮውን ስለደፈነው አልሰማትም፤ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ሌባዋ አይደለሁም» አለችው። ድምጿ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሰብራ ስትናገር የምታወጣው ዓይነት ነው። «እነሱ ናቸው ሁኚ የሚሉኝ። ጥቁር ስለሆንሽ አንቺ ነሽ ብለው። ምንም አልሰረቅኩም። አትምታኝ እሺ?»

ከዚያ በኋላ ያደረገውን አስቦበት አይደለም። የቀኝ እጁን ጓንት በጥርሱ ሊስብ ቢል ጭምብሉ ከለከለው፤ በሌላው እጁ መዝዞ ጣለው። እጁን ፊቷ ዘረጋ። ሚጡ መዳፉን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ቀና ብላ ሮዙን አገጭ አየች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃቱ ሳይለቃት ግራ መጋባት ተጨመረበት። ሻርፑን ፈታ። ጭምብሉ በላብ ተጣብቆ ስለነበር ሲላቀቅ ድምፅ አወጣ።

«ሚጡዬ፣ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ሌላው «ውሸት ነው! ባለክንፉ አይደለም፣ ጥቁር ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እሱ ራሱ የተቆላ ቡና የመሰለ ልጅ ነው። አንዲት እናት ገና ያልተከፈተውን ሳጥን ቆጣሪው ላይ አስቀምጣ «ልጄን ልታታልሉ ነው? ብሬን መልሱ» አለች። ሁለት ሕፃናት ግን ሰልፉን ጥሰው መጥተው የወደቀውን ጓንት አንስተው ውስጡን ይመረምሩ ነበር። ሚጡ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እናቷ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ ልጅቷ ያለችውን አልሰማችም፣ የባሏን ፊት ግን አይታለች።

ባለሱቋ ከውስጥ እየሮጠች ወጣች። ነገሩን በአንድ እይታ ተረድታ ነጋዴ ሆነች። «ይቅርታ፣ ሙቀቱ አዞረው፤ እስኪ መንገድ ስጡት» እያለች፣ የሚያለቅሰውን ልጅ ኪስ ከረሜላ እየከተተች፣ ወንድሟን በክርኑ ይዛ ወደ ዕቃ ክፍሉ አስገባችውና መጋረጃውን ዘጋች።

«ምን ነካህ?» አለችው። «በዚህ ቀን! ስንት ሰው ፊት!»

«ልጄ እንዳልመታት ለመነችኝ።»

«ምን?»

ነገራት። ሚጡ ያለችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት። እህቱ ከጀርባው ተላቅቆ ካርቶን ላይ የወደቀውን አንዱን ክንፍ አንስታ የተጣመመውን ሽቦ ታቃና ጀመር። ከወዲያ በኩል የገንዘብ ማሽኑ ይሰማል፤ አንድ ሰው ዕቃ እየመለሰ ነው።

«የልጆች ጨዋታ ነው እኮ» አለች በመጨረሻ። «እኛስ አልተጫወትንም?»

«ተጫውተናል። ሌባው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።»

«ሯጭ ስለነበርክ ነዋ! ማን ይይዝህ ነበር?»

«ሯጭ የሆንኩት ስለምታባርሩኝ ነው፣ እታለም።»

ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም። የሱቅ ፊቷ ወረደና እቤት ያለችው፣ የእናታቸውን መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጠው፣ የምትደክመው ሴት ወጣች። «እኔ አይደለሁም የሠራሁት» አለች። «እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው። ካርቶኑን ስከፍት ያገኘሁትን ነው የምሸጠው። ልጆቹ ከነቁብኝ ደግሞ አልሸጥም፤ ካልሸጥኩ ያንተም እንጀራ የለም።»

«ይንቁ እንጂ።»

«ይንቁ? ቀላል ነው ላንተ!»

«ካርቶኑን አውቃለሁ እታለም፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አላት ሰማያዊውን ልብስ እያወለቀ። «ሻርፑ ግን በካርቶን አልመጣም።»

እርጥቡን ሻርፕ እጁ ላይ ስታይ ዓይኗን ወደ ካርቶኖቹ አዞረች። እሱ የራሱን ሸሚዝ ለበሰ፤ ቁልፉን ሲቆልፍ እየተሳሳተ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ጀመረ። የልጅነታቸውን ነገር ሊጨምርላት፣ የሚጡን ልደት ሊያነሳባት አፉ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ታላቁ ናት፣ ትከሻዋም ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር እንዲህ። «ደህና ዋዪ» ብሏት ወጣ።

ተከትላው ወጣች። ሚጡ ቆጣሪው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አክስቷ እንደ ልማዷ ልጅ ስታይ እንደምታደርገው እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች፤ ጣቷ ሳጥኑ ላይ ካረፈ በኋላ ቆመ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን መለያየት አይቻልም። እጇን ባዶውን መለሰችው፤ የልጅቷን ፀጉር አስተካከለችላትና ግንባሯን ሳመቻት። ሚጡ ዝም ብላ ተሳመች። ሚስቱና እህቱ «ቻው» ተባባሉ።

በእግራቸው ነው የተመለሱት። አሰልጣኙ ሚጡን በእጁ ይዟታል፤ ሚስቱ ከወዲያኛው በኩል ናት፤ በመንገዱ ላይ የሰማውን በአጭሩ ነገራት፣ ከንፈሯን ነከሰች። ሱቆቹን አልፈው ወደ ሠፈራቸው ሲታጠፉ ሚጡ መጠየቅ ጀመረች።

«ከዛሬ በፊትም አንተ ነበርክ አባዬ?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ትንሽ ተራመዱ። «ድቡሽ ፎቶው ላይ ያቀፈው አንተን ነው?» ድቡሽ የአከራዮቻቸው ልጅ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ቀይ፣ የግቢው አለቃ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ፎቶውን ይዞ የመጣ ቀን ነው ሌባ ሁኚ ማለት የጀመሩት» አለችው። ክስ አልነበረም፤ ያወቀችውን ነው የነገረችው። እናቷ «አባዬ ሥራው ስለሆነ ነው እንጂ...» ብላ ስትጀምር አሰልጣኙ በዓይኑ አስቆማት። ልጅቷ ልክ ናት። እሷ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ስትባረር የዋለችው፣ እሱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አሳዳጆቿን አንድ በአንድ ሲያቅፍ ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊመልስላት አልቻለም፤ እጇን ጠበቅ አድርጎ ከመያዝ በቀር ያደረገው ነገር የለም።

ግቢው ሲደርሱ ልጆቹ ልብስ ማስጫው ሥር ተሰብስበዋል። ድቡሽ አዲሱን ባለክንፉን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እንዳያት፣ በእውነተኛ ደስታ «ሌባችን መጣች!» አለ። ጠብ የለበትም፤ ጨዋታው ሰው ጎድሎት ሲጠብቃት ነበር። አሰልጣኙ ወደፊት ሊራመድ ሲል ሚስቱ ሸሚዙን ከኋላ ያዘችው። «ተዋት» አለችው ቀስ ብላ።

«ዛሬ አልሆንም» አለች ሚጡ።

«ታዲያ ማን ይሁን?»

«እኔ አላውቅም።»

«ጥቁሯ እኮ አንቺ ነሽ» አለ ድቡሽ፤ የታወቀ ነገር እንደሚያስታውስ ሰው ነው ያለው።

«ባለክንፉም ጥቁር ነው። ሲያወልቅ አይቼዋለሁ።»

«ውሸታም!»

«እጁን አይቻለሁ። አንገቱንም አይቻለሁ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጠጋ አለችና «ከውስጥ ነው ጥቁር?» ብላ ጠየቀች። «ከውስጥ» አለች ሚጡ። ድቡሽ እጁ ላይ ያለውን የባለክንፉን ኮሌታ በጥፍሩ ሊፍቅ ሞከረ፤ ፕላስቲክ ነውና ምንም አልተገለጠለትም። ነገሩን የሚፈርድ ትልቅ ሰው ፈልጎ ዞረና አሰልጣኙን አገኘው። «ጋሼ፣ እውነቷን ነው?»

አሰልጣኙ ልጁን አያት። ሚጡ፣ ማንም ሳያይባት፣ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አትንገራቸው ማለቷ ነው። ለምን እንደሆነ አልገባውም። ምናልባት ለራሷ ብቻ የሆነ ነገር ፈልጋ ይሆናል፤ ምናልባትም አባቴ ነው ማለት ለእሷ ከዚህ የተለየ ትልቅነት አልጨመረላት ይሆናል።

«እውነቷን ነው» አለ። «አብሬው እሠራ ነበር።»

ድቡሽ አሰበ። ሲያስብ ምላሱን ያወጣል። «ታዲያ ሌባው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም። ጨዋታው ሊፈርስ ነው። በኋላ ጥርሷ የወለቀችው ልጅ «ዕጣ እንጣል» አለች። ጠጠርና እንጨት ለመፈለግ ተበታተኑ።

ባልና ሚስት የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች «ሰኞስ?» አለችው።

«ሰኞ ሥራ ፍለጋ እወጣለሁ።»

«እታለምስ ብትደውል?»

«በራሴ ፊት ከሆነ እሄዳለሁ። እህቴ ናት።»

ከታች ጭቅጭቅ ተነሳ፤ የሌባው ዕጣ የወጣበት ድቡሽ፣ ዕጣው በደንብ አልተቀላቀለም፣ እንደገና ይጣል ይላል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ እምቢ አሉት። ባለክንፉን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ስቦ፣ የከፋው ልጅ ፊት ለብሶ ቆመ። ከሁሉም በላይ የሚጡ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ሩጥ እንግዲህ!» ትለዋለች። «ድቡሽ፣ ሩጣ!»